አባባ ሳያዩ የቆጠሯቸው ጎሎች

የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ ሰሞኑን ከስልኩ ላይ አይነሳም። ምን እያየ ነው ብዬ ጠጋ ስል ለካ ኦኮቻ ነው! የናይጄሪያው ጄ ጄ ኦኮቻ። ሰውየው ጫማ የሰቀለው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ልጄ ያኔ አልተወለደም። ግን እዚህ ሮክቪል ሜዳ ላይ ልጆቹ ሁሉ፣ የጋናውም የኤል ሳልቫዶሩም፣ የሚሞክሩት የሱን አብዶ ነው።

በተለይ አንዷን ጎል ደጋግሞ ያሳየኛል። 1993፣ ጀርመን፣ ለፍራንክፈርት ሲጫወት። በረኛው ኦሊቨር ካን ነው። ኦኮቻ ሊመታ ነው ስትል አይመታም፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። ካን ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ተከላካዮቹ ይንሸራተታሉ። ጀርመኖች የዓመቱ ምርጥ ጎል ብለውታል። እውነቱን ለመናገር እኔም ሦስቴ አየሁት።

አባቴ ሶፋው ላይ ሆነው «ይሄ ልጅ መንግሥቱ ወርቁን ቢያይ ምን ሊል ነው!» አሉ።

ልጄ ወዲያው ዩቲዩብ ላይ ፈለገ። ያገኘው በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ሰዎች ስለሱ ሲያወሩም ነው። «ባቢ፣ ጎበዝ ከሆነ ቪዲዮው የታለ?» አለኝ።

ጥያቄው ትንሽ ከነከነኝ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1964 ነው። የአፍሪካን ዋንጫ የበላነው ደግሞ ከዚያ ቀድሞ በ1962፣ በኛ አቆጣጠር ጥር 13 ቀን 1954፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን። አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2። መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላው 10 ጎል አግብቷል ብለው ልጄን ቁጥር አላረካውም።

«አባባ፣ አንተ አይተኸዋል?» አላቸው። («አንቱ» ገና አልገባለትም።)

አባቴ ዝም አሉ። ቆየት ብለው «አላየሁም» አሉ።

እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ዕድሜ ልኬን ስታዲየም ገብተው ያዩ ነበር የሚመስለኝ! ለካ የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ፣ የመግቢያ ሳንቲም የላቸውም። መሿለኪያ አካባቢ ቆመው ጩኸት ነበር የሚቆጥሩት።

«ግብፅ ስታገባ ጭጭ ይላል። ሁለቴ ጭጭ አለ። የኛን አንደኛ ጎል ሰምተን ሳንጨርስ ነው ሁለተኛውን ያገቡብን። ኋላ ሊያልቅ ሲል ምድር ተናወጠ።»

ያ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ ያገባው መሆን አለበት። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ አራተኛውን ደገሙ።

«አራተኛው ጩኸት አላባራም። ያኔ በቃ አለቀ አልኩ። መንግሥቱ ማግባቱን የሰማሁት ሕዝቡ ሲወጣ ነው።»

ልጄ ስልኩን አነሳ። «አባባ፣ እንደገና ንገረኝ። ጩኸቱንም ጩህ።» አባቴ ጮሁ፤ አራት ጊዜ። የታች ፎቅ ጎረቤታችን ምን እንዳሰቡ እንጃ። እኔ ያን ስልክ ስንቴ ልነጥቀው እንዳልቃጣሁ፣ ያን ዕለት ቻርጀሩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እናንተም ቤት አያት ካሉ ሞክሩት።

ቪዲዮውን አሌክሳንድሪያ ላሉት የአጎቱ ልጆች ላከላቸው። አንደኛዋ ወዲያው መለሰች፦ «ግብፅ ሁለተኛውን ስታገባ አባባ አለቀሰ?»

ቅዳሜ መጥታ ራሷ ልትጠይቃቸው ነው።