ቤንዚን ቆጣቢ አውቶሞቢል ስለ መምረጥ

ለቤት የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው በሚገዛበት ቀን የሚከፈል ነው፤ ሁለተኛው ግን ዕቃው በቤት እስካለ ድረስ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚከፈል ነው። ምጣድ የሚገዛ ስለ ማገዶው፥ በሬ የሚገዛም ስለ መኖው ሳያስብ አይገዛም። አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ቀለሙንና የመቀመጫውን ምቾት ተመልክቶ ይገዛና፥ ስለሚጠጣው ቤንዚን የሚያስበው ገንዘቡን ከፍሎ ቁልፉን ከተረከበ በኋላ ነው። በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ቤተ ሰብ ይህ ዐይነቱ አገዛዝ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ለልጆች ትምህርትና ለጤና የታሰበው ገንዘብ ቀስ በቀስ ወደ ነዳጅ ማደያ ይፈሳልና።

በጅቡቲ ከተማ በቁጥር ከሚጠሩት ሰፈሮች አንዱ ካርቲየ ሰባት ነው። «ካርቲየ» ማለት በፈረንሳይኛ «ሰፈር» ማለት ነው። በዚህ ሰፈር ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ፥ መተላለፊያዎቹም ጠባብ ስለ ሆኑ፥ ብዙውን ጊዜ አውቶሞቢል የሚያድረው ከግቢ ውጭ በመንገድ ዳር ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው የሙቀት ወራት፥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነው። በእንደዚህ ያለ ስፍራ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተ ሰብ «በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ድቅል አውቶሞቢል ብንገዛ ይጠቅመናልን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱ በአንድ ቃል የሚሰጥ አይደለም። መጀመሪያ አውቶሞቢሉ የት እንደሚውል፥ የት እንደሚያድርና በመጨረሻም የት እንደሚደርስ መታወቅ አለበት።

«ድቅል» ማለት ከሁለት ልዩ ልዩ ዘር የተገኘ ማለት ነው። ከባዝራና ከወንድ አህያ የምትወለደው በቅሎ ድቅል ናት። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ድቅል አውቶሞቢል የሚሸጥ ሰውም አንዳንድ ጊዜ እንደዚሁ ያደርጋል። ስለ ባትሪው ዕድሜ ሲጠየቅ፥ ስለ ቤንዚኑ ቁጠባ ያወራል። አስተዋይ ገዢ ግን የእናቲቱን ስም ሰምቶ ዝም አይልም፤ የአባትየውንም ይጠይቃል።

አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት። ድቅል አውቶሞቢል አንድ የቤንዚን ሞተርና ከባትሪ ኃይል የሚቀበል የኤሌክትሪክ ሞተር አለው። በተራ አውቶሞቢል ላይ ነጂው ፍሬን ሲይዝ የጉዞው ኃይል በፍሬኑ ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ በከንቱ ይጠፋል። በድቅሉ ላይ ግን የኤሌክትሪኩ ሞተር እንደ ዲናሞ ሆኖ፥ ከዚሁ ኃይል ብዙውን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ በባትሪው ውስጥ ያጠራቅመዋል፤ አውቶሞቢሉ እንደ ገና ሲነሣም ያጠራቀመውን መልሶ ይሰጣል። በመንገድ መብራት ላይ ሲቆም የቤንዚኑ ሞተር ይጠፋል። ስለዚህ ተራው አውቶሞቢል ቤንዚን በሚያባክንበት በከተማ ውስጥ መቆምና መነሣት፥ ድቅሉ ይቆጥባል ማለት ነው። ቶዮታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፕሪየስ የተባለውን አውቶሞቢል በታኅሣሥ ወር 1997 እ.ኤ.አ. በጃፓን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፥ ይህ አሠራር በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል።

ድቅል ተብለው የሚሸጡት ሁሉ ግን አንድ ዐይነት አይደሉም። የመጀመሪያው ዐይነት ባትሪውን ራሱ በጉዞ ላይ የሚሞላ፥ ከቤት ሶኬት ጋር የማይገናኝ ነው። ሁለተኛው ዐይነት ትልቅ ባትሪ ስላለው ከሶኬት የሚሞላ ነው። በሦስተኛው ዐይነት ላይ ደግሞ የኤሌክትሪኩ ሞተር የቤንዚኑን ሞተር በጥቂቱ ያግዛል እንጂ አውቶሞቢሉን ብዙውን ጊዜ ብቻውን አያንቀሳቅስም፤ ቁጠባውም በዚያው መጠን አነስተኛ ነው። አውቶሞቢሉን ከግቢ ውጭ ለሚያሳድር የካርቲየ ሰባት ነዋሪ የሚስማማው የመጀመሪያው ዐይነት ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከመስኮት አውጥቶ ሕፃናት በሚጫወቱበት መተላለፊያ ላይ መዘርጋት አደጋን መጋበዝ ነው። ከዚህም በላይ በጅቡቲ የኤሌክትሪክ ዋጋ ከኢትዮጵያው ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው።

ከአነስተኛዎቹ የቤተ ሰብ አውቶሞቢሎች መካከል ሦስቱን ለምሳሌ እንጥቀስ። የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያወጣው መለኪያ ወደ ሊትር ሲመለስ፥ ባለ 1.8 ሊትር ሞተሩ የ2020 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ድቅል ለ100 ኪሎ ሜትር 4.5 ሊትር ያህል ቤንዚን ይፈጃል። ባለ 1.6 ሊትር ሞተሩ የ2021 ሞዴል ሂዩንዳይ ኤላንትራ ድቅል፥ እጅግ ቆጣቢ የሆነው ዐይነቱ፥ 4.4 ሊትር ያህል ይፈጃል። ባለ 2 ሊትር ሞተሩ የ2025 ሞዴል ሆንዳ ሲቪክ ድቅል ደግሞ 4.8 ሊትር ያህል ይፈጃል። ድቅል ያልሆነው የ2020 ሞዴል ኮሮላ በዚሁ መለኪያ 7 ሊትር ያህል ይፈጃል። እንግዲህ በድቅሎቹ መካከል ያለው ልዩነት በ100 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር እንኳ የማይሞላ መሆኑን አንባቢ ይገነዘባል። ስለዚህ ከእነርሱ አንዱን ለመምረጥ የሚያስፈልገው ጥያቄ «የትኛው ያነሰ ይጠጣል?» የሚለው አይደለም፤ «የየትኛውን መለዋወጫ በከተማው አገኛለሁ? የትኛውን የሚያውቅ መካኒክ አለ?» የሚለው ነው።

ቁጠባው በእርግጥ የሚታየው በድቅሉና በተራው መካከል ነው። ይህንንም ባልና ሚስት ማታ ተቀምጠው በወረቀት ሊያሰሉት ይችላሉ። አንድ ቤተ ሰብ በቀን 40 ኪሎ ሜትር፥ በዓመት 300 ቀን ይነዳል እንበል። ይህ በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለ100 ኪሎ ሜትር 2.5 ሊትር ቢቆጥብ፥ በዓመት 300 ሊትር ቤንዚን ይተርፈዋል ማለት ነው። ሌላው ቤተ ሰብ ግን ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ከማድረስና ወደ ሥራ ከመመላለስ በቀር ሌላ ጉዞ ስለሌለው፥ በቀን 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ይነዳል። ይህ በዓመት 4,500 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ፥ የሚተርፈው 112 ሊትር ያህል ብቻ ነው።

አሁን የድቅሉ ዋጋ ከተራው የሚበልጠው 1,000 ሊትር ቤንዚን በሚገዛ ገንዘብ ነው ብለን እናስብ። የመጀመሪያው ቤተ ሰብ ብልጫውን በ3 ዓመት ከ4 ወር ውስጥ ሲመልስ፥ ሁለተኛው ግን ወደ 9 ዓመት መጠበቅ አለበት። አንባቢም በማደያው የተጻፈውን የሊትር ዋጋ በጅቡቲ ፍራንክ ወስዶ፥ ሻጩ የጠየቀውን የዋጋ ብልጫ ለእርሱ ቢያካፍለው የራሱን ሒሳብ ያገኛል። የጅቡቲ ከተማ ሰፊ ስላልሆነች ከካርቲየ ሰባት ተነሥቶ ወደ ወደቡ ወይም ወደ ባልባላ የሚሄድ ሰው ረዥም መንገድ አይነዳም። ስለዚህ ታክሲ ለሚነዳ ወይም በሥራው ምክንያት በከተማው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለሚዞር ሰው ድቅሉ ትርፍ ነው። በቀን ጥቂት ለሚነዳ ቤተ ሰብ ግን ጤናማ የሆነ ትንሽ ተራ አውቶሞቢል ገዝቶ፥ የቀረውን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ማዋል የተሻለ ሊሆን ይችላል።

በመለኪያው የተጻፈውም ቁጥር በሙቀት ወራት እንዳለ አይገኝም። በጅቡቲ ያለ አየር ማቀዝቀዣ መንዳት አስቸጋሪ ነው፤ አውቶሞቢሉ ቆሞ ማቀዝቀዣው ሲሠራ ደግሞ የባትሪው ኃይል ስለሚቀንስ፥ የቤንዚኑ ሞተር ባትሪውን ለመሙላት ደጋግሞ ይነሣል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ሙቀቱ በባትሪው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ባትሪ እንደ ቅቤ ነው፤ ቀዝቃዛ ስፍራ ሲቀመጥ ይቆያል፥ ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ይበላሻል። በብዙዎቹ ድቅል አውቶሞቢሎች ላይ ባትሪው የሚገኘው ከኋላ መቀመጫ ሥር ወይም ከጀርባው ሲሆን፥ የሚያቀዘቅዘውም አየር የሚገባው በመቀመጫው አጠገብ ባለ ትንሽ ቀዳዳ ነው። የልጆች ቦርሳ ወይም ልብስ ይህን ቀዳዳ ከሸፈነው ባትሪው ይታፈናል። በሙቀቱ ወራት ኸምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ የሚያመጣው አቧራም የአየሩን ማጣሪያ ስለሚደፍነው፥ ማጣሪያው በየጊዜው መጠረግ አለበት። አውቶሞቢሉን በጥላ ሥር ማቆምም ምንም ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ያገለገለ ድቅል ለሚገዛ ሰው ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ወደ ጅቡቲ ከሚገቡት ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ በዱባይ በኩል የሚመጡ ናቸው። በዚያ አገር ዓመታት የቆየ ባትሪ ሙቀቱን አስቀድሞ ቀምሷል። የባትሪው መለወጫ ዋጋ የብዙ ዓመት የቤንዚን ቁጠባን ሊውጥ ስለሚችል፥ ከመግዛት በፊት የሚከተሉትን መፈጸም ይገባል።

አንደኛ፤ አውቶሞቢሉን ገና በማለዳ፥ ሻጩ ሳያሞቀው፥ ማስነሣት። ሁለተኛ፤ አየር ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል በከተማ ውስጥ መንዳትና በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን የባትሪ መጠን መመልከት። መጠኑ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እስከ ላይ ሞልቶ ወዲያው እስከ ታች የሚወርድ ከሆነ፥ ባትሪው መድከሙን ያመለክታል። ሦስተኛ፤ የእያንዳንዱን የባትሪ ክፍል ኃይል በመመርመሪያ መሣሪያ ማስነበብ። አራተኛ፤ ውሃ ገብቶበት እንደ ሆነ መፈተሽ። በኅዳር ወር 2019 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ዘንቦ ከተማዪቱን እንዳጥለቀለቃት አይዘነጋም። ጎርፍ የገባበት አውቶሞቢል ታጥቦና ተወልውሎ ቢቀርብም፥ ከምንጣፉ ሥር ያለ ጭቃ፥ የመቀመጫው ብሎኖች ዝገትና የሻጋታ ሽታ ምስክር ይሆኑበታል። ለተራ አውቶሞቢል ጎርፍ በሽታ ከሆነ፥ ለድቅሉ ሞት ሊሆን ይችላል።

የጥገናውም ነገር መዘንጋት የለበትም። በእነዚህ አውቶሞቢሎች ውስጥ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ሽቦ ከፍተኛ ኃይል የሚተላለፍበት ነው፤ በብዙዎቹም ከ200 ቮልት በላይ ይደርሳል። ይህን ሥራ ያልተማረ መካኒክ ቢነካው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ በከተማው መኖሩን ያረጋግጥ። መካኒኩ ሳይገኝ አውቶሞቢሉን መግዛት፥ ወጥ ሳይሠሩ እንጀራ ማቅረብ ነው።

በመጨረሻም፥ ጅቡቲ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ከሁሉ የሚከብደውን ነገር እንጥቀስ። ብዙው ሰው አንድ ቀን ወደ አገሩ ሲመለስ ንብረቱን ይዞ ለመግባት ያስባል። የኢትዮጵያ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ግን በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ብቻ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። የውሳኔው ምክንያት ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ሲገዛ፥ ኤሌክትሪክ ግን በአገር ውስጥ ከወንዞች የሚመነጭ መሆኑ ነው። ድቅሉ ምንም ያህል ቆጣቢ ቢሆን ቤንዚን መጠጣቱ አልቀረም። ስለዚህ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ለመመለስ ያሰበ ሰው፥ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በዚያን ጊዜ የሚሠራበትን ደንብ ከኢትዮጵያ ጉምሩክ ኮሚሽን ጠይቆ በጽሑፍ ይረዳ። ይህን ሳያደርግ የገዛ ሰው፥ ለብዙ ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ በድንበር ላይ ጥሎት ሊሄድ ወይም በርካሽ ሸጦት ሊገባ ይገደዳል።

እንግዲህ የተናገርነው ሲጠቃለል እንዲህ ነው። በከተማ ብዙ የሚነዳ፥ የሚታመን መካኒክ ያለው፥ በጅቡቲም ለመቆየት የወሰነ ቤተ ሰብ ድቅል ቢገዛ ይጠቀማል። ጥቂት የሚነዳ ወይም በቅርቡ ወደ አገሩ የሚመለስ ግን የሌላውን ሰው ቁጠባ አይቶ አይቅና። ጎረቤት ገዝቶታልና እኛም እንግዛ የሚለው አሳብ፥ የጎረቤትን መንገድና የጎረቤትን ደመወዝ አብሮ አያመጣም። ባልና ሚስት ተመካክረው፥ ወረቀትና እርሳስ ይዘው፥ የራሳቸውን ኪሎ ሜትር ቆጥረው ቢወስኑ፥ የሚገዙት ድቅልም ይሁን ተራ፥ ከጸጸት ይድናሉ።