ለሐውልቱ አንቸኩል

በኮሪደር ልማቱ የጅማ መንገዶች እየሰፉ፣ የአዌቱ ወንዝ ዳርቻም መልኩን እየቀየረ ነው። አሁን የሚነሣው ጥያቄ አደባባዮቹና የወንዙ ዳር በምን ያጊጡ የሚለው ነው። ለምረቃ ቀን ተጣድፎ የሚቆም የሲሚንቶ ጀበና ቀላሉ መልስ ነው፤ ቀለሙ ሲላላጥ ግን ባለቤት አይኖረውም።

ጅማ ከዚህ የተሻለ ሀብት አላት። ጅሬን ላይ የሚገኘው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራም ሆነ ከአንድ ግንድ ያለ ምስማር ተጠርቦ የሚወጣው ባለሦስት እግር በርጩማ የባለእጆቿን ችሎታ ይመሰክራሉ። የአካባቢው ገበሬ የቡና ችግኝ ተክሎ ፍሬውን ለማየት ሦስትና አራት ዓመት ይታገሣል። ከተማዋም ለአደባባይ ኪነ ጥበብ ይህን ያህል ጊዜ ልትሰጥ ይገባል።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር አንዳንድ ቦታዎችን ለጊዜው ክፍት ይተው። ሠዓልያንና ቀራፂዎች ከጅማና ከአጋሮ የእንጨት ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው ይሥሩ፤ ነዋሪውም ንድፉን ገና በወረቀት ላይ ሳለ አይቶ ይተች። በጀቱ ለአንድ ምረቃ ከሚሟጠጥ በየዓመቱ ተከፋፍሎ ይመደብ፤ ከፊሉም ለጥገና ይቀመጥ። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” እንዲሉ፣ አፍርሶ መሥራት ቢመጣ ዕዳው የሚያርፈው በግብር ከፋዩ ላይ ነው።