«አላገኘሁም» ማለትም መልስ ነው

ቅዳሜ ከልጆችዎ ጋር ወደ እንጦጦ ለመውጣት ከመገናኛ ራይድ ሲጠሩ፣ አሽከርካሪው ያሉበትን እንዴት እንደሚያውቅ አስበው ያውቃሉ? ምስጢሩ ሰዓት ነው። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ምድርን የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች አቶሚክ ሰዓት ተሸክመዋል። ስልክዎ ከሳተላይቶቹ የሚላከው ምልክት ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ ቦታዎን ያገኛል። ሰዓቱ በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ቢሳሳት ርቀቱ በ300 ሜትር ይዛባል፤ መኪናው የሌላ ሰው በር ላይ ቆሞ ይደውልልዎታል።

እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የጠፈር ምልከታ ማዕከል አለ። ቴሌስኮፕ የሚሰበስበው ግን ብርሃን ነው። በዩኒቨርስ ካለው ቁስ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ደግሞ ብርሃን አይሰጥም። ሳይንቲስቶች «ዳርክ ማተር» ይሉታል፤ መኖሩን የጠረጠሩት በስበቱ ነው።

የማይታይ ነገር በምን ይፈለጋል? እነዚያው የጂፒኤስ ሰዓቶች ለዚህም ታስበዋል። ይህ ቁስ በአንዳንድ ቦታ ተጠራቅሞ ከሆነና ምድር በመካከሉ ካለፈች፣ የሰዓቶቹ ምት በጥቂቱ ሊዛነፍ ይችላል፤ ያውም በየተራ፣ መጀመሪያ በወዲህ በኩል ያሉት፣ ከሦስት ደቂቃ ገደማ በኋላ በወዲያ በኩል ያሉት። በአሜሪካ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የ16 ዓመት የጂፒኤስ መረጃ ፈትሸው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2017 አሳተሙ። ምልክቱን አላገኙም።

እኔ በምሠራበት የማርኬቲንግ ሙያ «አላገኘንም» የሚል ሪፖርት ይዞ አለቃ ፊት መቅረብ ያስፈራል። እነርሱ ግን ያሳተሙት ያንኑ ነው። ድካማቸውም ከንቱ አልቀረም፤ እንዲህ ያለው ቁስ ቢኖር እንኳ በሰዓቶቹ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ከዚህ አይበልጥም የሚል ወሰን አበጁ። ከእነርሱ በኋላ የሚፈልግ ሰው ከዚያ ወሰን ይጀምራል።

ይህን ለልጆቻችን ብናስተምርስ? ልጅዎ የሠራው የሳይንስ ሙከራ መጽሐፉ ያለውን ውጤት ካልሰጠ፣ ማርክ እንዳይቀነስበት ብለው መልሱን ከመጽሐፉ እንዲገለብጥ አያግዙት። ምን እንዳደረገና ምን እንዳየ እንዳለ ይጻፍ። ማታ ከትምህርት ቤት ሲመለስም «ስንት አገኘህ?» ከማለትዎ በፊት፣ «ዛሬ ምን ፈልገህ አጣህ?» ብለው ይጠይቁት።