ማን ሰበሰባቸው?

«የኛ» የሚባለውን የሴቶች ቡድን አንስተው፣ «በድርጅት ተመልምለው የተሰባሰቡ ናቸው፤ ሙዚቀኛ ይባላሉ ወይ?» የሚሉ ወላጆች አሉ።

ቡድኑ በ2005 ዓ.ም. በብሪታንያ መንግሥት ድጋፍ ተቋቁሞ፣ አምስት ወጣት ሴቶች በዘፈንና በሬዲዮ ድራማ የልጃገረዶችን ችግር ያነሱ ነበር። የብሪታንያ ጋዜጦች ከነቀፉት በኋላ በ2009 ዓ.ም. ድጋፉ ተቋረጠ።

እዚህ ቆቦ፣ ነሐሴ ላይ ሶለል ሲደርስ ልጃገረዶቻችን ከበሮ ይዘው የሚወጡት መልማይ ሳይጠራቸው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይገባኛል። ግን እነሱም ዜማውን የተማሩት ከታላላቆቻቸው ነው።

ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችም ተሰብስበው የመጡ ነበሩ። ዛሬ የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ያለ እነሱ አይነገርም። የኛዋ ማሪቱ ለገሰም የወጣችው ከወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን ነው።

በነርስነት ዘመኔ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ስናስተምር እናቶች ያደምጡን ነበር፤ ልጃገረዶቹ ግን አንገታቸውን ይደፉ ነበር። ዘፈን እስከ ምንጭ ድረስ አብሯቸው ይወርዳል። ሰውነቷ ያልጠና ልጅ በምጥ ስትሰቃይ ያየ ሰው ይህን አይንቅም።

ሆኖም መልእክቱ ስላማረ ብቻ ዘፈን አያምርም። ሚዛኑ ድምፁ፣ ልምምዱና ገንዘቡ ሲቆም በልጆች አፍ የሚቀረው ዜማ ነው።

ልጅዎ ስትዘፍን ቢሰሙ፣ «ማን ሰበሰባቸው?» ከማለትዎ በፊት ቁጭ ብለው ያድምጡ። ከዚያ ዘፈኑ ስለ ምን እንደሆነ ይጠይቋት፤ በሌላ ጊዜ አፍራ የምትተወውን ነገር ያን ጊዜ ትነግርዎ ይሆናል።