ለመጽሐፍ ያለቀሰው ልጅ



«ልጆቻችን አያነቡም፤ ስልክ በላቸው!» የማይል ወላጅ ዛሬ ማግኘት ያስቸግራል። በሰርግ ቤትም፣ በለቅሶ ቤትም፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በመስጂድ ደጃፍም የሚሰማው ይኸው ሮሮ ነው። እኔ ግን ሮሮ የሚያሰማውን ወንድሜን አንድ ነገር ልጠይቀው እወዳለሁ። ለመሆኑ ስልኩ ከመምጣቱ በፊት በልጅህ እጅ ላይ ምን መጽሐፍ ነበር? ስልኩ ያገኘው እኮ ባዶ እጅ ነው!

በሕንድ አገር በራይ ባሬሊ አቅራቢያ የተወለዱት ታላቁ ዓሊም አቡል ሐሰን ዐሊ ነድዊ (ረሒመሁላህ) ስለ ልጅነታቸው ሲጽፉ ውለታው የማይረሳቸውን አንድ መጽሐፍ ያነሳሉ። አባታቸው የሞቱት እሳቸው ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ዕድሜያቸው አሥር ዓመት ገደማ ሲሆን፣ በለክነው ከተማ የሚገኝ አንድ መጽሐፍ ቤት ባወጣው ዝርዝር ላይ የአንድ ሲራ ስም ያያሉ። ቃዲ ሱለይማን መንሱርፑሪ በኡርዱ ቋንቋ ስለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት የጻፉት «ረሕመቱን ሊል-ዓለሚን» ነበር። እንዲላክላቸውም ጻፉ። ገንዘቡ የሚከፈለው መጽሐፉ ሲደርስ ነውና ፖስተኛው መጽሐፉን ይዞ ሲመጣ እናት የሚከፍሉት አጡ። ልጁ አለቀሰ። ልጅ ሌላ ምን ጠበቃ አለው? የእናት አንጀት አልቻለምና እንደምንም ብለው ከፈሉ።

ልብ በሉ፤ ቤቱ ባል የሞተባት ሴት ቤት ነው። ደግሞም አባትየው ራሳቸው ዓሊምና የታሪክ ጸሐፊ ስለነበሩ እናት «የአባትህ ኪታቦች መቼ አለቁና!» ቢሉ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። ነገር ግን የአባት ኪታብ ሌላ፣ ልጁ ራሱ መርጦ ያለቀሰለት መጽሐፍ ሌላ መሆኑን የተረዱ ይመስለኛል። ያ ልጅ የሶሐቦችን ታሪክ ልቡ እየተንቀጠቀጠ አነበበ። ኋላም በዐረብኛና በኡርዱ ብዙ መጻሕፍት ደረሰ።

ያ ፖስተኛ የእኛን በር ቢያንኳኳስ ኖሮ? ሳንመልሰው እንቀር ነበር? በብዙዎቻችን ሳሎን በወርቅ ቀለም የተጻፉ ባለ ብዙ ቅጽ ኪታቦች ከመስታወት ጀርባ ተደርድረው ለእንግዳ ይታያሉ። ልጁ እጁን ሲዘረጋ «ተው፣ ታቆሽሸዋለህ!» ይባላል። የአንድ ቀን በርጫ ወጪ ስንት የልጅ መጽሐፍ እንደሚገዛ ማን አስልቶት ያውቃል? (ጫት የማይቅሙት ወንድሞች አይደሰቱ፤ የሰርጉን ወጪ ገና አላነሳሁትም።)

አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ደግ አባት ነው፣ ሶላቱን ጠባቂ ነው። የስምንት ዓመት ልጁ ከጎረቤት ተውሳ ታነበው የነበረውን የተረት መጽሐፍ ነጥቆ ለባለቤቱ መለሰ። «እንስሳ ሲናገር የሚያሳይ ውሸት ምን ያደርግላታል? ቁርኣኗን ትሐፍዝ!» አለኝ። ሒፍዝን የሚያህል ነገር እንደሌለ ማን ይክዳል? ጊዜዋ ጠባብ ነው ያለውም እውነት ነው፤ ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ። ግን አላህ (ሱ.ወ) የዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ ከሕፃንነት ሕልሙ እስከ ፍጻሜው በአንድ ሱራ የተረከልን ታሪክ የሰውን ልብ እንዴት እንደሚይዝ የሚያውቅ ጌታ ስለሆነ አይደለምን?

ደግሞ ይህ ወንድሜ ሳያውቀው ከነድዊ ጋር የሚስማማበት ነገር አለ። እሳቸውም በወንድማቸው ልጅ እጅ የድመት፣ የውሻና የአንበሳ ተረት ብቻ ማየታቸው አሳዝኗቸው ነበር። ያደረጉት ግን ምንድን ነው? ቁጭ ብለው «ቀሰሱ-ነቢዪን»ን፣ የነቢያትን ታሪክ፣ በአጫጭር ዐረፍተ ነገር፣ ቃሉን እየደጋገሙ፣ ልጅ በሚገባው ቀላል ዐረብኛ ጻፉለት። ያን የሚያህል ዓሊም ለሕፃን መጻፍ ክብሬን ይነካል አላለም! የእኛ ጸሐፍትና ተርጓሚዎች ግን ለአዋቂው ሲሆን ብዕራቸው አይደክምም፤ ለልጅ ሲሆን በደቃቅ ፊደል የታጨቀ ጥያቄና መልስ አትመው «በሉ አንብቡ» ይላሉ። እኔ ያንን በልጅነቴ ቢሰጡኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። እኔን ያስያዘኝ ሽፋኑና የመጨረሻ ገጾቹ የተገነጠሉ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ነው። የጎደለውን ገጽ ፍለጋ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ገባሁ፤ ከዚያ ወዲያ መውጣት አቃተኝ።

ያችን ልጅ ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ አገኘኋት። አባቷ ሻይ ሊያስቀዳ ሲነሳ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ጦጣዋ ከወንዙ ወጣች እንዴ?» አለችኝ። መጽሐፉን ስላላነበብኩት ልመልስላት አልቻልኩም።