«ሲስተም የለም» — የቻርጅ ጣቢያው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ሰሞኑን ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ የተሳፈርሁባት የኤሌክትሪክ ታክሲ መንገድ ላይ ወደ አንድ ቻርጅ ጣቢያ ጎራ አለች። (በመምህር ደመወዝ መኪና የገዛሁ እንዳይመስላችሁ፤ ተሳፋሪ ነበርሁ።) ሾፌሩ «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ዘጠኝ ፐርሰንት ነው የቀረኝ» ብሎ አስፈቅዶኝ ነው የገባው። ጣቢያው አዲስ ነው። ጣሪያው ያብረቀርቃል፤ የማሽኖቹ መብራት በርቷል፤ ገመዱም ከመኪናዋ ጋር ተገጥሟል። ኃይል ግን አይገባም። ሾፌሩ ስልኩን አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ማሽኑ እያስጠጋ ሩብ ሰዓት ያህል ታገለ። በመጨረሻ የጥበቃ ሠራተኛው ቀረብ አለና ባንክ ቤት ወረፋ ይዞ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያጠናትን ዐረፍተ ነገር ተናገረ፦ «ሲስተም የለም።»

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ መብራት ቢጠፋ ይገባኛል። መብራቱ ይኸው እያለ የሚከለክለኝ ማን ነው?» አለኝ። እዚያው መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ሳወጣ ሳወርድ ግን ጥያቄው የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የፖለቲካ ጥያቄ መሆኑ ታየኝ፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ብዙዎቻችን ቻርጅ ጣቢያን የምናስበው እንደ ነዳጅ ማደያ ነው። ተሳስተናል። የማደያው ቀጂ ቁልፉን በእጁ ይዟል፤ አለቃው ጅማም ይሁን ጅቡቲ ቤንዚኑ ይቀዳል። የቻርጅ ማሽን ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ አይወስንም። ገና ሲበራ በሞባይል ኔትወርክ በኩል ወደ አንድ ማዕከላዊ ሰርቨር ይደውልና «ነቅቻለሁ» ይላል፤ ከዚያም በየደቂቃዎቹ «አለሁ፣ አለሁ» እያለ መኖሩን ያስታውቃል። ደንበኛ ሲመጣ «ይህ ሰው ይፈቀድለት?» ብሎ ይጠይቃል። ይፈቀድለት ሲባል ይሞላል፤ ሲከለከል ወይም መልስ ሲያጣ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ሰርቨሩ በበኩሉ ከሩቅ ሆኖ «ጀምር»፣ «አቁም»፣ «ኃይልህን ቀንስ»፣ «ገመዱን ልቀቅ»፣ «ሶፍትዌርህን ለውጥ» ብሎ የማዘዝ ሥልጣን አለው። ይህ ሰርቨር ቦሌ ሊሆን ይችላል፤ ሼንዘን ወይም ፍራንክፈርትም ሊሆን ይችላል። ለማሽኑ ልዩነት የለውም።

ለእኛ ግን አለው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያስታወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ዋናው ምክንያት ለነዳጅ የሚፈስሰው የውጭ ምንዛሪ ነበር። በግሌ ሐሳቡን ከሚደግፉት ወገን ነኝ፤ የራሳችን ወንዝ እያለ በየወሩ የሌላ አገር ታንከር የምንጠብቅበት ምክንያት አልታየኝም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ የተነገረን 5,150 ሜጋ ዋት ኃይልም የዚህ ሐሳብ ምሰሶ ነው። ነገር ግን ጉባ ላይ የመነጨ ኃይል ያን ሁሉ ተራራና ሸለቆ ተሻግሮ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ የመጨረሻዋን ሁለት ሜትር ገመድ ለማለፍ የማናውቀውን ሰርቨር ፈቃድ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ተላቀቅነው ያልነው ጥገኝነት መልኩን ቀይሮ ተመልሷል ማለት ነው።

እስኪ የኋላውን እናስታውስ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ትግራይ በጦርነቱ ዘመን ከዓለም ተቆራርጣ ከረመች። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለጋዜጠኞች ኢንተርኔት ውሃ ወይም አየር አይደለም ብለው እንደነበር የምናስታውስ ብዙዎች ነን። በዚያን ጊዜ ንግግሩ ያስቆጣን ስለ ፌስቡክና ስለ ሐሳብ ነፃነት እያሰብን ነበር። ዛሬ ነገሩ ከዚያም አልፏል። ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪና አስገባሁ በሚል መንግሥት አገር፣ ኢንተርኔት ውሃም አየርም ባይሆን እንኳ ቤንዚን ሆኗል። ሦስት ሳምንት ኢንተርኔት ተዘጋ ማለት፣ ቤቱ ቻርጅ የማድረግ ዕድል የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ በባንክ ብድር ታክሲ የገዛ ወጣት፣ ምጥ የያዛትን እኅቱን የሚያደርስ ወንድም ሦስት ሳምንት ቆሙ ማለት ሊሆን ይችላል። መብራት እያለ።

«ነዳጁስ ቢሆን በቴሌብር አይደለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲፈጸም ተደርጓል። ልዩነቱን ግን አስተውሉ። ነዳጅ ማደያ ውስጥ የታሰረው ክፍያው ነው፤ ቀን ሲከፋ ፓምፑ ይሠራል፤ ሒሳቡም በወረቀት ይያዛል። እዚህ ግን የታሰረው ፓምፑ ራሱ ነው። በዚያ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ቦሌ ላይ የራሱን ፈጣን ቻርጅ ጣቢያ ከፍቶ በቴሌብር ማስከፈል ጀምሯል። ኔትወርኩ፣ ገንዘቡና ገመዱ በአንድ ቤት ተሰበሰቡ። ጣቢያ መከፈቱን አልጠላም፤ ይክፈት፤ ይጨምርበት። ሆኖም «ዝጋ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ሦስቱም በአንድ ቃል ሊዘጉ የሚችሉበት አደረጃጀት ሲሠራ እያየን ዝም ማለት ከአስተዋይ ዜጋ አይጠበቅም።

አደጋው ከቤት ብቻ የሚመጣም አይደለም። የዩክሬን ጦርነት በተጀመረበት ሰሞን፣ በየካቲት 2014 ዓ.ም.፣ ከሞስኮ ሴንት ፒተርስበርግ በሚወስደው ኤም-11 አውራ ጎዳና ላይ ያሉ ቻርጅ ማሽኖች ሥራቸውን አቁመው በስክሪናቸው ዩክሬንን የሚያወድስና የሩሲያውን ፕሬዚዳንት የሚሳደብ ጽሑፍ ማሳየት ጀመሩ። ሮሴቲ የተባለው የሩሲያ የኤሌክትሪክ ድርጅት በኋላ እንዳስረዳው፣ የማሽኖቹ ዋና ክፍሎች የተሠሩት በአንድ የዩክሬን ኩባንያ ነበር፤ ሠሪውም የኋላ በር ትቶ ነበር። ፍርዱን ለየራሳችሁ ትቼ የእኔን ብቻ ልናገር፦ ኃያል የሚባል መንግሥት በገዛ ጎዳናው ላይ የተተከለ ማሽን ጌታው ማን እንደሆነ ያወቀው ከተሰደበ በኋላ ነው።

ለዚህ ጠላት እንኳ አያስፈልግም፤ ኪሳራ ይበቃል። በጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) የጣሊያኑ ኤኔል ንዑስ ኩባንያ የሆነው ኤኔል ኤክስ ዌይ በሰሜን አሜሪካ ሥራውን እንደሚዘጋ በጥቂት ቀናት ማስጠንቀቂያ አስታወቀ። ለንግድ የተተከሉት ማሽኖች ሶፍትዌራቸው ከተቋረጠ አገልግሎት መስጠት እንደሚያቆሙ የነገራቸው ራሱ ኩባንያው ነው። ማሽኑን በገንዘባቸው የገዙ ሰዎች ብረቱን እንጂ ማሽኑን እንዳልገዙ ያን ዕለት ተረዱ። የእኛ ባለሀብት ነገ ከአስመጪው ጋር ቢጣላ፣ ወይም የዓመቱን የሶፍትዌር ክፍያ የሚልክበት ዶላር ቢያጣ (የዶላር ወረፋን ለእናንተ አልነግርም) ምን ይሆናል? ሐውልት ታቅፎ ይቀራል።

መሐንዲስ ወዳጆቼ ይህን ሲያነቡ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ከሩቅ የማስተዳደር ሥርዓት ባይኖር የተበላሸ ማሽን ሳይታወቅ ሳምንት ይሰነብታል፤ ምሽት ላይ ሁሉም መኪናውን ሲሰካ የሰፈሩ ትራንስፎርመር እንዳይቃጠል ኃይሉን ለየማሽኑ የሚያከፋፍልም ይኸው ሥርዓት ነው ይሉኛል። ልክ ናቸው። የከተማችንን የማከፋፈያ መስመር የሚያውቅ ሁሉ ኃይል የመመጠኑን ጥቅም አይክድም። ጥሌ ከሩቅ መታዘዙ ላይ አይደለም፤ አዛዡ ማን ነው፣ አዛዡ ሲጠፋስ ምን ይቀራል የሚለው ላይ ነው።

መልሱም ተሠርቶ የተቀመጠ ነው። ኦሲፒፒ የሚባለው የማሽንና የሰርቨር መነጋገሪያ ቋንቋ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ሆላንድ ውስጥ ሲወጠን ዓላማው ማንኛውም ማሽን ከማንኛውም ሶፍትዌር ጋር እንዲግባባ፣ ባለቤቱም አንዱን ትቶ ወደ ሌላው መሻገር እንዲችል ነበር። በ2024 (እ.ኤ.አ.) በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃነት ጸድቋል። በዚህ ቋንቋ የሚናገር ማሽን የተፈቀደላቸውን ደንበኞች ዝርዝር በሆዱ ይዞ፣ ኔትወርክ ሲጠፋም እየሞላና ሒሳቡን እየመዘገበ ቆይቶ መስመሩ ሲመለስ እንዲያስተላልፍ ሊደረግ ይችላል። የማያውቀውን እንግዳ እንኳ እንዲያስተናግድ ማዘዝ ይቻላል። ሁሉም የቅንብር ጉዳይ ነው። ቅንብሩን የሚመርጠው ግን ኦፕሬተሩ ነው፤ ኦፕሬተሩ ደግሞ ያልተከፈለ ሒሳብ ስለሚፈራ «ኔትወርክ ከሌለ ዝጋ» የሚለውን ሊመርጥ ይችላል። ከነጋዴ ዐይን ስናየው ተገቢ ነው። እንግዲህ ሕግ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ለጣቢያዎች ፈቃድ ሲሰጥ ስንት ማሽን፣ ስንት ኪሎ ዋት ብሎ ብቻ እንዳያልፍ እጠይቃለሁ። ማሽኑ በክፍቱ ቋንቋ ይናገራል? ባለቤቱ ሰርቨሩን መቀየር የሚያስችለው የይለፍ ቃል በእጁ አለ ወይስ የውጭ አቅራቢው ጋ ነው? ማን፣ መቼ፣ የት ቻርጅ እንዳደረገ የሚያሳየው መዝገብስ የት ተቀምጧል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይህንን መዝገብ የሚመለከት ይመስለኛል፤ የአንድን ሰው መዋያና ማደሪያ ከዚህ በላይ የሚያሳብቅ ደብተር የለምና። «ይህ ሰው ይፈቀድለት?» ብሎ የሚጠይቅ ማሽን፣ አንድን ሰው በስሙ ለይቶ ለመከልከልም የተዘጋጀ ማሽን መሆኑን የፖለቲካችንን ጠባይ የሚያውቅ አይስተውም።

የመመሪያ ቃላት የሚያሰለቻቸው ባለሥልጣናት ካሉ ቀላል ፈተና እነሆ። በሚቀጥለው የጣቢያ ምረቃ ላይ፣ ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት፣ የማሽኑን ሲም ካርድ ንቀሉና አንድ መኪና ሰክታችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ከሞላ ቁረጡት።