ሶኬት ከመቀየር በፊት ሽቦውን መመርመር

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በመመረቁ የአገሪቱ የኃይል ማመንጨት አቅም በእጅጉ አድጓል። ወለጋም የፊንጫኣ የውኃ ኃይል ማመንጫ መገኛ ከሆነች ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ይሁን እንጂ ኃይሉ ለተጠቃሚው የሚደርሰው በቤቱ ሶኬት በኩል ነው። በነቀምቴ ጨለለቂም ሆነ በሌሎች የወለጋ ከተሞች፣ ለአምፖልና ለሬዲዮ ተብሎ ሽቦ የተዘረጋበት አሮጌ ቤት ዛሬ ምጣድና ማቀዝቀዣ ሲጨመርበት ለአደጋ ይጋለጣል።

በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ይህም የተለመደው የቤት ሶኬት ሊሸከም ከሚችለው ከፍተኛ መጠን ጋር እኩል ነው። በዚያው መስመር ላይ በማከፋፈያ ሌላ ዕቃ ሲጨመር ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱም ይጠቁራል። የጠቆረውን ሶኬት በአዲስ መተካት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ቀጭኑ ሽቦ ከግድግዳው ውስጥ አለና። ደጋግሞ የሚወርድን ብሬከር በትልቅ መለወጥ ደግሞ ሽቦውን ያለ ጠባቂ ያስቀረዋል። በእንጨትና በጭቃ በተሠራ ቤት ይህ ለእሳት መነሻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለተራ ሶኬት ቢያንስ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ ለምጣድ ደግሞ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ ወፍራም መስመር ያስፈልጋል። የመሬት መስመሩም በእርግጥ ከመሬት ጋር መገናኘቱ መረጋገጥ አለበት።

እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃላፊነት ሲሆን፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የደንበኛው ነው። በኪራይ ቤት ምጣዱ የተከራይ፣ ሽቦው ግን የአከራይ በመሆኑ፣ ሁለቱ ወገኖች የዕድሳቱን ወጪ አስቀድመው ሊስማሙበት ይገባል።

ሥራውን የብቃት ማረጋገጫ ላለው ባለሙያ መስጠት ይመከራል። መብራት በጠፋበት ሰዓት ሶኬት መፍታት የተለመደ ቢሆንም እጅግ አደገኛ ነው፤ ኃይሉ በማንኛውም ቅጽበት ሊመለስ ይችላል። አስቀድሞ ዋናውን ብሬከር ማውረድ፣ ከዚያም በሚሠራ ቴስተር እያንዳንዱን ሽቦ መፈተሽ ያስፈልጋል። በምሰሶ ወይም በቆጣሪ ላይ ብልሽት ከታየ ሳይነኩ በነጻ የስልክ መስመር 905 ማሳወቅ ይገባል።